እምቢታን የመረመሩ ሊቅ፤ ስለ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የታሪክ መጻሕፍት

በግዕዝ አበየ ማለት እምቢ አለ ማለት ሲሆን፥ አብዮት የዚሁ ግሥ ንዑስ አንቀጽ ነው። በጉባኤ ቤት ግሥ የሚያጠና ተማሪ ቃሉን «እምቢ ማለት» ብሎ ፈትቶ ያልፈዋል እንጂ የመንግሥት መለወጥና የሥርዓት መገልበጥ በዚህ ቃል ይጠራል ብሎ አያስብም። በ1966 ዓ.ም. ግን ቃሉ ከብራና ወጥቶ አደባባይ ዋለ፤ በራዲዮ ተነገረ፤ በጨርቅ ላይ ተጽፎ በጎዳና ታየ፤ በዚያ ዘመን ከተወለዱት ሕፃናትም ብዙዎቹ አብዮት ተብለው ተጠሩ። ቃሉ ያደገው በቤተ ክርስቲያን ልሳን ነው፤ ከዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላም በዚሁ ቃል ስም የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወሰደ። ሰሙ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ወርቁ ከሩቅ አገር የመጣ ቅኔ ይመስላል።

ይህን ዘመን በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በቀደምትነት ከሚቆጠሩት አንዱ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአዲስ አበባ ተወልደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታሪክን ከተማሩ በኋላ፥ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሱዳን ወሰን ባቀረቡት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1976 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተማሩ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም መሩ። ይህ የሹመት ዝርዝር ነው፤ የሊቅ ሚዛን ግን መጽሐፉ ስለ ሆነ ወደ መጻሕፍቱ መሄድ ይሻላል። ከመጻሕፍቶቻቸው አራቱን በታተሙበት ተራ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ የቤተ ክህነት ሰው በታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሲናገር፥ ሲከራከር፥ ሲሳሳትም ይታያል፤ በኋለኞቹ በሁለቱ ግን ከታሪኩ ወጥቶ በሩቅ ይቀራል። ይህ መጥፋት ከማን እንደ ሆነ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ የታተመው የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ነው። ከ1847 ዓ.ም. ይነሣል፤ ይህም ዳግማዊ ቴዎድሮስ የነገሡበት ዘመን ነው። ስለዚህ የደብረ ታቦር አንባቢ ገና መጽሐፉን ሲከፍት የአገሩን ነገር ያገኛል። የውጭ አገር የእጅ ጥበብ ሰዎች መድፍ ያፈሰሱበት ጋፋት ከከተማው በእግር የሚደረስበት ስፍራ ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. በዚያ ተሠርቶ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎትቷል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲወጡም የዚህ አገር ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ የሚተርኩት ነገር ሆኖ ቀረ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ይህን ንጉሥ አያመልኩም፥ አይረግሙምም። ቴዎድሮስ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፥ የቀረው መሬት ለሚገብር ይሁን ብለው በቈረጡ ጊዜ ከካህናት ጋር የገጠሙት ጠብ ለውድቀታቸው ካበቋቸው ምክንያቶች እንደ አንዱ ተቈጥሯል። በዚያ ክርክር ካህናቱ ስለ መሬታቸው እንጂ ስለ መንግሥቱ አንድነት አላሰቡም ብሎ የሚወቅስ አንባቢ ቢኖር ፈጽሞ ተሳሳተ አይባልም። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መሬት ጥያቄ በ1967 ዓ.ም. የተወለደ ጥያቄ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በዚሁ ንጉሥ፥ በዚሁ ደጋ ተነሥቶ፥ ሳይፈታ በይደር የቆየ ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ስለ ተነሡት የለውጥ ፈር ቀዳጆች የተጻፈው ነው። ከአራቱ ሁሉ ይህ መጽሐፍ ለካህን አንባቢ ይበልጥ ይቀርበዋል። በውስጡ ከሚታዩት ሰዎች አንዱ በጌምድር ይፋግ የተወለዱት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ይፋግም ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ያለች፥ ከጣና በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የጥንት የገበያ ከተማ ናት። አለቃ ታዬ ከስዊድን ሚሲዮናውያን ጋር በነበራቸው ግንኙነት ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጋር ተከራክረዋል፤ በሃይማኖት ነገርም ተከሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በበርሊን አስተምረው ተመለሱ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለውንም መጽሐፍ ጻፉ። ከርሳቸው ጋር የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ እንዲሁም ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ሐኪም የሆኑት ወርቅነህ እሸቴ ይገኛሉ። ከተከታዩ ትውልድም ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ለሚኒስትርነት የበቁት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አሉ።

ፕሮፌሰር ባሕሩ የአለቃ ታዬን የሃይማኖት ክርክር የሚያዩት እንደ ታሪክ ጸሐፊ እንጂ እንደ ሃይማኖት ዳኛ አይደለም። በዚህ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ስለ ሃይማኖት የተደረገ ክርክር ስለ ዕድገትና ስለ ኋላ ቀርነት የተደረገ ክርክር ብቻ ሆኖ ሲነበብ ግማሹ ነገር ይቀራልና። ቢሆንም መጽሐፉ አንድ ትልቅ ነገር አስረድቷል። የመጀመሪያዎቹ ለውጥ ፈላጊዎች ከባዶ ሜዳ አልመጡም፤ ከነዚያ መካከል ጥቂት የማይባሉት ዳዊት ደግመው፥ ግዕዝ አውቀው፥ ቅኔ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ጃፓንን ምሳሌ አድርገው አገራቸው እንድትነቃ ሲመኙ የቀድሞውን ዕውቀት በሙሉ ይጣል ያሉ ጥቂቶች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ክር ይበጠሳል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተገደሉ። የፊደል ትምህርት ቤቱ ልጅና የገዳሙ ልጅ በአንድ ዓመት፥ በአንድ እጅ ወደቁ። ከነጻነት በኋላ የተነሣው የዩኒቨርሲቲ ትውልድ ከዚያ ከቀደመው ትውልድ የወረሰው እጅግ ጥቂት ነው። የፕሮፌሰር ባሕሩ ሁለተኛና አራተኛ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህ ባዶ ስፍራ ከማናቸውም ምዕራፍ ይልቅ ይናገራል፤ በአንዱ መጽሐፍ መጨረሻና በሌላው መጀመሪያ መካከል አገሪቱ ልጆቿን ቀብራለች።

ሦስተኛውና አራተኛው የተማሪዎችን እንቅስቃሴ የሚመለከቱ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 2005 የቀድሞ የተማሪ ንቅናቄ ሰዎች በአዳማ ተሰብስበው ያዩትንና ያደረጉትን እንዲመሰክሩ ተደረገ፤ ምስክርነታቸውም እ.ኤ.አ. በ2010 በፕሮፌሰር ባሕሩ አዘጋጅነት ታተመ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 ገደማ እስከ 1974 ያለውን የንቅናቄውን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ፈጸሙት። የሥራው አካሄድ ለትርጓሜ ቤት ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በአንድምታ ጉባኤ መምህሩ ለአንድ ንባብ አንድም፥ አንድም፥ አንድም እያለ የቀደሙትን ሊቃውንት ሐሳብ ሁሉ ያቀርባል፤ ተማሪውም እርስ በርሱ የማይስማማውን ሁሉ ይሰማል። የአዳማው ጉባኤ እንዲህ ነበር። ተናጋሪዎቹ በወጣትነታቸው አንድ ሰልፍ የወጡ፥ በኋላ ግን በሁለትና በሦስት ድርጅት ተከፍለው የተላለቁ ወገኖች የቀሩ ናቸው፤ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መነጋገራቸው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። መምህሩ ግን አንድምታውን ቈጥሮ ብቻ አይነሣም፤ የትኛው ለምስጢሩ እንደሚቀርብ ያመለክታል። በአራተኛው መጽሐፍ ፕሮፌሰር ባሕሩ ይህን አድርገዋል።

የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሶሻሊስት ዩቶፒያ ፍለጋ ይላል። ዩቶፒያ ከጽርእ ቃል የተበጀ ስም ሲሆን ትርጓሜው ስፍራ የሌለው ስፍራ ማለት ነው። እንግዲህ ፍርዱ በርእሱ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ትውልዱ በምድር ላይ ስፍራ የሌለውን አገር ፈለገ። ይህን ፍርድ የሰጡት ሰው በዚያ ዘመን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። የገዛ ትውልዱን የሚመረምር ሰው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ አንዱ ማሞገስ ነው፥ ሌላው ንስሐ መሰል ውግዘት ነው። በሁለቱም የተጻፉ መጻሕፍት በአማርኛ ብዙ አሉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ከሁለቱም ርቀው፥ ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ ሰነድ ከሰነድ እያስተያዩ ሄደዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው የወጡት ተማሪዎች ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበራቸው አልካዱም፤ ያ ድፍረት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሌላ ሰው አፍ የተቀዳ አንድ ዓይነት ቃል ብቻ ወደሚናገር ግትርነት እንዴት እንደ ተለወጠም አልሸሸጉም። የ1962 ዓ.ም. ነገር በሚገባ ሰፊ ስፍራ ተሰጥቶታል፤ በኅዳር ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ጽሑፍ ወጣ፥ በታኅሣሥ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ለሴቶች ጥያቄም ቦታ መስጠታቸው ከሌሎች የዘመኑ ተራኪዎች ይለያቸዋል።

ስለ ግጥሙ ግን ከተባለው የበለጠ ሊባል ይገባ ነበር። መጽሐፉ በኮሌጁ በዓል ይነበቡ የነበሩትን ግጥሞች ያነሣል፤ የታምሩ ፈይሳ ደሃው ይናገራል እና የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ በረከተ መርገም በአገሩ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ገሞራው የተባለው ኃይሉ ከቤተ ክህነት ቤት የወጣ ሰው ነበር። በረከተ መርገም የሚለውን ርእስ የሰማ የቅኔ ተማሪ ወዲያው ቀና ይላል፤ በረከትንና መርገምን በዘርፍና በባለቤት አጣምሮ አንዱን የሌላው ገንዘብ ማድረግ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የተገኘ ጥበብ አይደለም፥ ከጉባኤ ቤት የተቀዳ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው በሚሰሙበት መድረክ ደሃ ሲበደል ማየትን በግጥም መናገርም የቆየ ልማድ አለው፤ ባለቅኔው በጌታው ፊት ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን በስተኋላ ይዞ ይናገር ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ወጣቶቹ ከማርክስና ከሌኒን ምን እንደ ቀዱ በትጋት ቈጥረዋል፤ ከየኔታ የቀዱትን ግን አልቈጠሩም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጉድለት የሚታየው። በመጽሐፉ ተማሪ ማለት የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ግን በደቡብ ጎንደር ደጋ ሌላ ተማሪ ነበረ። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም የፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ይሄድ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ እንጀራ ይለምናል፤ ማታ ወደ ጎጆው ተመልሶ ቀለሙን ያጠናል። ርስቱን ትቶ የመጣ ስለ ሆነ መሬት የለውም፤ ደመወዝም የሚከፍለው የለም። ስለ ደሃ የሚናገረው ወጣት ሊጠይቀው ይገባ የነበረው ደሃ በዚህ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ስለ እርሱ አላወቀም፤ ወይም እያወቀ የአሮጌው ሥርዓት ልጅ ነው ብሎ አለፈው። ወጣቶቹ አለፉት ማለት አንድ ነገር ነው፥ የታሪክ ጸሐፊው ማለፋቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሳቸው በፈር ቀዳጆቹ መጽሐፍ የቤተ ክህነት ትምህርት ምን ዓይነት ሰው እንደሚያወጣ ያሳዩ ናቸውና።

ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመሬቱን ታሪክ ራሱን ያዛባል። መሬት ለአራሹ የተባለው ቃል ጭሰኛ በበዛበት በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቀጥተኛ ትርጉም ነበረው። በበጌምድር ግን አራሹ አብዛኛውን ጊዜ ባለርስት ነው፤ በአባቱም በእናቱም በኩል እየቈጠረ ከአቅኚው አባት መሬት ድርሻ ይጠይቃል። ጉልቱ የመኳንንት ወይም የደብር ሲሆን፥ ገበሬው ይገብራል እንጂ ከርስቱ አይነቀልም። ካህኑም እንዲሁ በቅዳሴው ወይም በማኅሌቱ ፋንታ የሚያርሰው መሬት ነበረው፤ አገልግሎቱን ቢያቋርጥ መሬቱ ለሚያገለግል ይተላለፋል። ይህ አሠራር ፍጹም ፍትሕ ነበረበት ለማለት አይደለም፤ ሙግቱና ጉቦው፥ ደካማውና ባልቴቲቱ የሚገፉበት መንገድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከደቡቡ ጭሰኛ ነገር ፈጽሞ የተለየ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲሰጥ አዘዘ፤ የጭሰኝነትን ግዴታ አስቀረ። ርስት ላለበት አገር ደግሞ እያንዳንዱ በጊዜው የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀር፥ ከዚያ ወዲያ በተወላጅነት የሌላውን ይገባኛል እንዳይል ወሰነ። ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ የነጻነት ቀን ነበር። ለደብረ ታቦርና ለጋይንት ገበሬ ግን አዋጁ የሰጠው አስቀድሞ በእጁ ያለውን ሲሆን የወሰደበት ገና የሚጠብቀውን ነው። የሚያርሰው ቄስ እንደ ገበሬ ተቈጥሮ ድርሻውን አገኘ። የማያርሰው የጉባኤ ቤት መምህር ግን ከደብሩ ጉልት የሚመጣለት ቀረበት፤ ተማሪውም የሚለምንበት ቤት በገበሬ ማኅበር ስብሰባና በምልመላ ተጨነቀ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደዚህ ደጋ የወጡት ያገኙት ሕዝብ በመጽሐፍ ያነበቡት ሕዝብ አልነበረም። ሁለቱ ተማሪዎች፥ ባለደበሎውና ባለካኪው፥ በአንድ ቀበሌ የተገናኙበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ምን ተባባሉ? ከአራቱ መጻሕፍት በአንዱም ይህን የሚመልስ ምዕራፍ የለም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመጻሕፍቱ ማቆሚያ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በመጀመሪያ እትሙ በ1966 ዓ.ም. ያቆማል፤ የተማሪዎቹም ታሪክ በዚያው ዓመት ያቆማል። ደራሲው ሁለት ጊዜ ወደ አብዮቱ ደጃፍ ደርሰው ተመለሱ። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ሁለተኛ እትም ታሪኩን እስከ 1983 ዓ.ም. አራዝመውታል፥ በአማርኛም የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983 ተብሎ ለብዙ አንባቢ ደርሷል፤ የዚያ ጭማሪ ስፋት ግን ከቀደመው ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ቅርብ ዘመንን መጻፍ ፍም መጨበጥ መሆኑ አይካድም። ገዳዩም የተገዳዩም ልጅ በአንድ ከተማ በሚኖሩበት አገር የታሪክ ጸሐፊ ቢጠነቀቅ አይነቀፍም። ሆኖም ለቤተ ክርስቲያን የአብዮቱ ታሪክ የሚጀምረው ያ መጽሐፍ በሚያቆምበት ስፍራ ነው። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፥ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በእርሳቸው ፋንታ በበጌምድር ተወልደው በወላይታ በብሕትውናና በስብከት የኖሩት አባ መላኩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ተሾሙ፥ በ1980 ዓ.ም. እስኪያርፉም በዚያ መከራ ዘመን ቤተ ክርስቲያንን ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የጦር ነገር የጻፉት ሌላው ሊቅ ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ ናቸው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት መጽሐፍ የትግራይን፥ የባሌንና የጎጃምን የገበሬዎች ዐመፅ መርምረዋል፤ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣበትን ምክንያት ላነበበ የበጌምድር ሰው ነገሩ የጎረቤት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የአብዮቱን ጦርነቶች ጻፉ። ከ1981 ዓ.ም. የሽሬ ጦርነት በኋላ ውጊያው ወደዚህ ደጋ ወርዶ በ1982 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ዙሪያ ጽኑ ጦርነት ተደርጓል፤ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ጎንደርና ጎጃም የተያዙበት ዘመቻም ዘመቻ ቴዎድሮስ ተብሏል። ንጉሡ ካቃጠሉት ከተማ ከወጡ ከ123 ዓመት በኋላ ስማቸው በጦር ተመልሶ መጣ። የገብሩ መጽሐፍ ሠራዊቱን፥ አዛዡንና ስልቱን ያሳያል፤ ጦሩ ሲያልፍ ታቦት ይዞ የሸሸውን ቄስ ለማየት ግን ሌላ መጽሐፍ ያስፈልጋል። አንዱ ሊቅ ከተማውን ጻፉ፥ ሌላው የጦር ሜዳውን ጻፉ፤ ደብሩ በመካከል ቀረ።

ይህን የሚል ሰው ግን በታሪክ ጸሐፊዎቹ ላይ ብቻ ጣቱን ቢቀስር ፍርዱ ይጣመማል። የተማሪዎቹ ማኅበራት መጽሔት አሳትመዋል፥ ስትራግልና ቻለንጅ የተባሉት እስከ ዛሬ ተቀምጠው ይነበባሉ፤ ድርጅቶቹ መግለጫ ጽፈዋል፤ የተረፉትም በስተርጅና ትዝታቸውን አሳትመዋል። የታሪክ ጸሐፊ የሚሠራው ባለው ሰነድ ነው። የደብር አለቃ፥ የመሪጌታ፥ የቅኔ መምህር የ1967 ዓ.ም. ትዝታ የት አለ? የጥንቱ ካህን የመሬት ውልን፥ የጉልት ስጦታን፥ የሙግት ፍርድን በወንጌሉ ኅዳግና በባዶ ቅጠሉ ይጽፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት የመሬት ሥርዓት የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ የቆመው በአብዛኛው በእንዲህ ያለ የኅዳግ ጽሕፈት ላይ ነው። አባቶች ለሰጪው ለንጉሡ ያደረጉትን ልጆች ለወሳጁ ለደርግ አላደረጉም። መሬቱ ሲሰጥ ተጻፈ፥ ሲወሰድ ግን ዝም ተባለ። ፍርሃት ነበረ ቢባል እውነት ነው፤ ደርግ ከወደቀ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህ ሥራ ሊሠራ የማይችል እንዳይመስል የፈረንሳይን ምሳሌ ማየት ይበቃል። በዚያ አገር አብዮተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1789 የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ወሰዱ፤ ከዚያም ካህናቱን ለአዲሱ ሕግ እንዲምሉ አስገደዱ፥ ከሰበካ ካህናትም ገሚሱ ያህል ማለ። ስለ አብዮቱ የጻፉት ብዙ ዘመን የፓሪስን ጉባኤና ጎዳና ብቻ ሲተርኩ ኖሩ። በኋላ ጆርጅ ለፌቭር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰሜን ፈረንሳይን ገበሬዎች መርምሮ የገጠሩ አብዮት የራሱ መንገድ እንደ ነበረው አሳየ። ቲሞቲ ታኬት የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የ1791ን መሐላ በየአውራጃው፥ በየሰበካው ቈጥሮ የትኛው አገር ካህን እንደ ማለ፥ የትኛው እምቢ እንዳለ፥ ለምንም እንደ ሆነ ጻፈ። ያ የካህናት አብዮት ነበር፤ አበየ የሚለው ግሥ በጥንት ትርጉሙ። እንዲህ ያለ ቈጠራ ለበጌምድር ደብሮች እስካሁን የለም።

የፕሮፌሰር ባሕሩ አጻጻፍ ደረቅ ነው የሚሉ አንባቢዎች አሉ። ወቀሳው ትክክል አይመስልም። አረፍተ ነገራቸው አጭርና የተመጠነ ነው፤ ምጸታቸው ስውር ስለ ሆነ ፈጥኖ የሚያነብ ያልፈዋል። በአማርኛው ትልቅ ታሪካቸውም ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ጽሑፍ የሚታወቅበት መጎተት ብዙ አይታይበትም። ይልቁንስ የሚያሳዝነው የንቅናቄው ታሪክ በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው፤ ስለ ገበሬው የተደረገ ክርክር ገበሬው በማይሰማው ቋንቋ ተደረገ፥ የክርክሩም ታሪክ በዚያው ቋንቋ ተጻፈ። የግዕዝ መምህር በዚህ ነገር ብዙ ባይናገር ይሻለዋል፤ እርሱም ቅኔውን ሕዝቡ በማይሰማው ልሳን የሚቀኝ ነውና።

በ1967 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው የቤተልሔም ተማሪ ዛሬ ሰባ ዓመት ተጠግቶታል፤ ምናልባት እርሱ ራሱ ዛሬ የድጓ መምህር ነው። የአዳማውን ጉባኤ ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው በደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጀ ሰላም እንዲህ ያሉ አሥር ሽማግሌዎችን ማስቀመጥ ከባድ ሥራ አይሆንም፤ መቅጃ መሣሪያና ትዕግሥት ይበቃል። በአዳማው ወንበር ላይ አንድ መሪጌታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፥ መሬት ለአራሹ የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ በትርጓሜ ቤት ልማድ እጁን አንሥቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነበር፤ የትኛው መሬት? የማንስ አራሽ?